የተቀበረ ገመድ ሲበላሽ የት ይቈፈራል?

ከመሬት በታች የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ቢበላሽ መንገዱን ሁሉ መቈፈር አያዋጣም። ባለሙያው መስመሩን ከኃይል ለይቶ ከአንድ ጫፍ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ከሌላው ተገናኝቶ እንደ ሆነ ምቱ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ፍጥነቱ በማይክሮሴኮንድ 160 ሜትር ቢሆንና በ10 ማይክሮሴኮንድ ቢመለስ፣ ደርሶ መልሱ 1,600 ሜትር ስለ ሆነ ብልሽቱ 800 ሜትር ላይ ነው።

ነገር ግን ወዳጄ፣ አካፋህን ገና አታንሣ! ይህ ርቀት የገመዱ እንጂ የመንገዱ አይደለም፤ ገመድ ይጠማዘዛል፣ መጋጠሚያው ዘንድም ትርፍ ይተውለታል። ስለዚህ በካፓሲተር የተጠራቀመ ከፍተኛ ቮልቴጅ በየጥቂት ሴኮንዱ ይለቀቅበታል፤ ብልጭታው ከመሬት በታች ሲጮኽ ባለሙያው ከላይ በማዳመጫ ይከተለዋል (እዚህ ላይ ከሒሳብ ጆሮ ይበልጣል)። ይህ ድብደባ ሲበዛ ግን ያረጀውን ገመድ በሌላ ስፍራ ሊጐዳው ይችላልና፣ አስቀድሞ በማሚቶው አካባቢውን ማጥበብ ግድ ነው።