ተጨማሪ መረጃ፦ ከባሕር ርቆ ለባሕር አደጋ መዘጋጀት

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ቢሾፍቱ ላይ፣ የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነች ከተማ መርከበኛ ይሠለጥናል ሲባል ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመርከብ ሞተር ክፍል መስኮት የለውም፤ መሐንዲሱ ሥራውን የሚሠራው ባሕሩን ሳያይ ነው።

ለዚህ ሥራ የመርከቡን ሁኔታ በኮምፒውተር የሚያስመስል ሲሙሌተር ይመቻል። አሠልጣኙ ሳይታሰብ ዋናውን የኤሌክትሪክ ኃይል ያቋርጣል። በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት (ሶላስ) መሠረት የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተር ቢበዛ በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ፓምፕ ቀድሞ እንደሚነሣ የሚወስነው ሠልጣኙ ነው። በሞተር ክፍል እሳት ከተነሣም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመልቀቁ በፊት ሰው ሁሉ መውጣቱን ቆጥሮ ያረጋግጣል፣ የአየር መግቢያዎችን ይዘጋል። እሳቱን የሚያፍነው ጋዝ ሰውንም ይገድላልና ቅደም ተከተሉን መሳት አይቻልም። በሲሙሌተር ግን ቢሳሳት የሚሞት የለም፤ ልምምዱ እንደገና ይጀመራል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት በ1995 ሲሻሻል፣ የራዳር ሥልጠና በሲሙሌተር እንዲሰጥ ግዴታ ሆኗል። ሙቀቱንና ጭሱን ግን ኮምፒውተር አያመጣውም፤ ስለዚህ መርከበኛ እውነተኛ እሳት ማጥፋትን፣ ውኃ ውስጥ ገብቶም ሕይወትን ማትረፍን በተግባር ይለማመዳል።