በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚመጡ ሁለት ሕመሞች፤ ስለ ትንፋሽ መቋረጥና ስለሚጥል በሽታ

የሰው ልጅ ከዕድሜው ሲሶ የሚያህለውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። እንቅልፍ ሰውነትን የሚያሳርፍ፥ አእምሮንም የሚያድስ ነው፤ ነገር ግን በቀን ሳይታይ በሌሊት ብቻ የሚገለጥ ሕመም አለ። በሽተኛው ተኝቶ ስለ ሆነ የደረሰበትን አያውቅም፤ የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ይኸውም ሰው ያየውን በትክክል ካልተናገረ ሕመሙ በቀን እንደ ስንፍና፥ በሌሊት እንደ ጋኔን ሥራ ይቈጠራል፤ በሽተኛውም ሕክምና ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ እርስ በርሳቸው የሚምታቱትን ሁለቱን ሕመሞች ለይቶ ማወቅ ለመምህራንና ለሽማግሎች እጅግ ይጠቅማል።

መጀመሪያው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ሰው በተኛ ጊዜ የጕሮሮው ሥጋ ይላላል፤ የአየሩ መተላለፊያ የጠበበ እንደ ሆነ ማንኮራፋት ይመጣል፤ ፈጽሞ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ትንፋሹ ይቆማል። ደረቱና ሆዱ ለመተንፈስ ሲታገሉ ይታያሉ፤ አየር ግን አይገባም። ሐኪሞች በአዋቂ ሰው ላይ 10 ሰኮንድና ከዚያ በላይ የቆየውን መቋረጥ ይቈጥራሉ፤ ሕመሙ በጠናበት ሰው ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንጐሉ በየጊዜው ለቅጽበት ስለሚያነቃው በሽተኛው እንደ ታነቀ ሰው በድንገት አየር ይስባል፤ አንዳንድ ጊዜም ይወራጫል፤ ወዲያውም መልሶ ይተኛል። በነጋ ጊዜ ምንም አያስታውስም፤ ነገር ግን ራሱን ያመዋል፥ ቀኑንም ሙሉ ያንቀላፋል። ውፍረትና ወደ መኝታ ሲቀርቡ አረቄ መጠጣት ሕመሙን ያብሳሉ። በሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በጕሮሮ ግራና ቀኝ ያለው ቶንሲል ማበጡ ነው። ለዚህ ብሎ እንጥል ማስቈረጥ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ደም በማፍሰስና ቍስሉን በመመረዝ ሕፃኑን ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። የአንጐል ሕዋሳት በኤሌክትሪክ ኀይል እርስ በርሳቸው ይላላካሉ፤ ብዙዎቹ ሥርዓታቸውን ለቀው ባንድነት በተነሡ ጊዜ በሽታው ይጥላል። ከሕመምተኞችም አንዳንዶቹን የሚጥላቸው በእንቅልፍ ሳሉ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰውነት እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ቀጥሎም እጅና እግር በአንድ ልክ ይንዘፈዘፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይተዋል። ጧት የምላስ ዳር ተነክሶ፥ መኝታው በሽንት ርሶ፥ ሕመምተኛውም ግራ ተጋብቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ መኝታ ማርጠብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ትንፋሹ በሚቋረጥበት ሕፃንም ላይ ይታያልና።

ሁለቱን በመሣሪያ መለየት የተቻለው በቅርብ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን አንጐል ኤሌክትሪክ መመዝገቡን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 አስታወቀ። በ1965 ደግሞ በማርሴይ ከተማ የሚጥል በሽታ ሊቅ የነበረው አንሪ ጋስቶ ከባልደረቦቹ ጋር የተኙ ሰዎችን ትንፋሽና የአንጐል ኤሌክትሪክ ባንድነት መዝግቦ፥ በቀን ያለ ልክ ከሚያንቀላፉት ሰዎች መካከል በሌሊት ትንፋሻቸው ደጋግሞ የሚቋረጥ መኖራቸውን አሳየ። በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጕሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ገለጠ። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይም ይገናኛሉ፤ እንቅልፍ ማጣት የሚጥለውን በሽታ ይቀሰቅሳልና፥ ትንፋሹ ሲታከም የሚጥለው በሽታ የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ።

በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት መርምረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። ስለዚህ በሽታው እንግዳ ነገር አይደለም። በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም።

በሽታው ሰውን በጣለው ጊዜ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በጐኑ ይተኛ፤ ደቂቃው ይቈጠር። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት ማግባት፥ በጕልበት መያዝ፥ የክብሪት ጢስ ማሽተት አይገባም። ከ5 ደቂቃ ያለፈ ወይም ሳይነቃ የተደጋገመ እንደ ሆነ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ በሽታው በርትቶ ይመለስበታልና።

በገጠር ቤተ ሰብ በአንድ ጣራ ሥር ስለሚተኛ ምስክር አይታጣም። የሚያየው ሰው አስቀድሞ ማንኮራፋት እንደ ነበረ፥ ትንፋሽ ቆሞ እንደ ሆነ፥ መንዘፍዘፉ ምን ያህል እንደ ቆየና ሲነቃ ምን እንደ ተናገረ ያስተውል፤ የእጅ ስልክ ካለም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያንሣ። ይህ ለሐኪሙ ከብዙ ግምት ይልቅ ይረዳዋል።

መምህርም በትምህርት ሰዓት ዘወትር የሚያንቀላፋ ልጅ ባየ ጊዜ በትር ከማንሣቱ በፊት ወላጆቹን ጠርቶ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር ይጠይቅ። ሽማግሌም በሌሊት የሚወድቀውን ሰው ጐረቤት እንዳይሸሸው ይምከር፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲደርስ ይርዳው። ሰነፍ የተባለው ልጅ ትንፋሽ ያጣ፥ ጋኔን ያዘው የተባለውም ሰው መድኃኒት ያጣ ሊሆን ይችላልና።