«ደስታ» የተባለው የከብት ደዌና የአርቢው ዕውቀት

በኢትዮጵያ ከታወቁት የከብት ደዌዎች እጅግ የከፋው በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። ስሙ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ የሚፈራውን ነገር በመልካም ስም መጥራት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ልማድ ነውና መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ገዳይ ደዌ፣ አባ ሰንጋ፣ «አባ» ተብሎ መከበሩም ከዚህ የራቀ አይመስልም።

ደዌው አስቀድሞ ዐይንን በዕንባ፣ አፍንጫን በንፍጥ ይሞላል፤ ቀጥሎ አፍን ያቈስላል፤ በመጨረሻም በብርቱ ተቅማጥ ከብቱን አድርቆ ይገድላል። ወደ አገሩ የገባው በ1887 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ለኢጣሊያ ጦር ከህንድ መጥተው በምጽዋ ከወረዱ ከብቶች ጋር እንደ ሆነ ይነገራል። ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ያጣው ገበሬ እርሻው ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀንም መጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ተጽፏል።

በ1960 ገደማ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረባው ጋር በኬንያ፣ በሙጉጋ፣ አስተማማኝ ክትባት አገኘ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ፈጥኖ ይበላሽ ስለ ነበር፣ መኪና በማይደርስበት በአፋር ቈላ ደዌው መሸሸጊያ አገኘ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥፋቱን በአርብቶ አደሩ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጕድለቱ የአሠራሩ እንጂ የእርሱ አልነበረም። ይህም የታወቀው አሜሪካዊው ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል የሚቈይ ክትባት ካዘጋጁ በኋላ ነው። በ1994 ከአፋር አርቢዎች መካከል 20 ሰዎች ሠልጥነው ከ70,000 የሚበልጡ ከብቶችን ከተቡ። የትኛው መንጋ በየትኛው ውኃ ላይ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛውም ላም ዕንባዋ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ለእነርሱ የሚነግራቸው አላስፈለገም። ከ1995 ወዲህ ደዌው በአፋር አልታየም፤ በ2011ም ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ስሙ ግን በጎችንና ፍየሎችን በሚፈጀው፣ «ደስታ መሰል» በሚባለው ዘመዱ ላይ ቀርቷል። የጠፋው ደዌ ቫይረስ ዛሬም በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ተቀምጧል፤ ምልክቱን በዐይኑ አይቶ የሚለየው አርቢ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ነው።