ከአርዲቦ ገደል እስከ ደሴ፦ ሄሊኮፕተር የሚያተርፈው ጊዜ

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ገደላማ መንደሮች ወላድ ደም አልቆም ሲላት ቀድሞ የሚደርስላት ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ነው። ጎረቤቱ ቃሬዛ አንሥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ፣ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ይወርዳል። ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ ሆስፒታል ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ቀላሉ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ቁልቁለቱ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር ከአርዲቦ ደሴ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ጥሪ መቀበል፣ ሞተር ማስነሣትና ማረፊያ መፈለግ ሲጨመርበት ግን አምቡላንስ ደጅ ድረስ በሚገባበት ቦታ እምብዛም አይቀድምም። ጥቅሙ የሚታየው መንገድ በሌለበት ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮሪያ ተራሮችም ቤል 47 ሄሊኮፕተሮች ቁስለኞችን ከጎናቸው በታሰረ ቃሬዛ ጭነው ወደ ጦር ሜዳ ሆስፒታል ያደርሱ ነበር።

ደጋ ላይ ግን አየሩ ራሱ ይፈትናል። ሄሊኮፕተር የሚነሣው ክንፎቹ አየርን ወደ ታች ሲገፉ ነው፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ወለሉ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የቀትር ሙቀት ይብስበታል። አብራሪው ነዳጅ ወይም ሰው ሊቀንስ ይገደዳል። ጠንካራ ሞተር ካለ ግን ከፍታ አይበግረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ዲዲየ ዴልሳል የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ኤቨረስት ጫፍ ላይ አርፏል።

ማረፊያውም ከወዲሁ ይታሰብበት። በወርድና በርዝመት 30 ሜትር ያህል ሜዳ፣ ሽቦና ዛፍ የሌለበት፣ ይበቃል። ከአዝመራ በኋላ በተወቃበት አውድማ ካረፈ ግን ጭዱና አቧራው ተነሥቶ አብራሪውን ያሳውረዋል። ተዳፋት ላይ ካረፈ ደግሞ ሰው ከዳገቱ በኩል አይቅረብ፤ የሚሽከረከረው ክንፍ በዚያ በኩል ለመሬት ይቀርባል። ወደ ጭራውም ፈጽሞ አይጠጉም።

ከሁሉ በላይ የምከራከርለት ግን አብሮ ለሚመጣው ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 20,000 ያህል እናቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መርፌውን ይዞ የሚወርድ አዋላጅ ሕክምናውን እዚያው በእናቲቱ ደጅ ይጀምራል። ያው መድኃኒት በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ ካለ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።