በማገዶ የተጀመረው ክስ
እ.ኤ.አ. በኦገስት 1922 በሕንድ ፑንጃብ፣ ከአምሪትሳር ከተማ ብዙም በማይርቀው የጉሩ ካ ባግ ቤተ መቅደስ አምስት የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች (ሲኮች) እንጨት ሲቆርጡ ተያዙ። እንጨቱ ለመጣው ሁሉ በነፃ ምግብ ለሚያቀርበው የቤተ መቅደሱ ማዕድ ቤት ማገዶ ነበር። የተከሰሱት ግን በስርቆት ነው፤ አስተዳዳሪው መሬቱ የግሌ ነው ብሏልና።

ማሃንት የሚባሉት እነዚህ አስተዳዳሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲኮች ሲሳደዱ ብዙ መቅደሶችን ጠብቀው አቆይተዋል፤ ውለታቸው አይካድም። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ ግን የምእመናኑ መሬት በብዙ ቦታ በማሃንቶቹ ስም ተመዘገበ። መስኖ ሲገባ ደግሞ ገቢው ናረ፤ አደራውም ርስት ሆኖ ቀረ።

ከማገዶው ክስ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት፣ በኦክቶበር 1920፣ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ ወገኖች የመጡ አማኞች ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የተሠራውን መባ ይዘው አምሪትሳር ካለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ደረሱ። ካህናቱ አንቀበልም አሉ። ክርክሩ ሲበረታ ቅዱስ መጽሐፉ ተገለጠ፤ የወጣው ንባብ ለአማኞቹ ፈረደ። በተከታዩ ወር ጉርድዋራ የሚባሉትን የሲክ መቅደሶች የሚመራ ኮሚቴ ተመሠረተ። ማሃንቶቹ ግን በዋዛ የሚለቁ አልነበሩም። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1921 በሲክ ሃይማኖት መሥራች በጉሩ ናናክ የትውልድ ስፍራ በናንካና ሳሂብ የማሃንት ናራይን ዳስ ቅጥረኞች በርካታ ተሐድሶ ፈላጊዎችን ፈጁ፤ አስከሬናቸውንም አቃጠሉ።

ይህ ሁሉ ደርሶባቸው በጉሩ ካ ባግ እጃቸውን አለማንሳታቸው እጅግ ይደንቀኛል። በየቀኑ አንድ ቡድን የሲኮች ከፍተኛ የሃይማኖት መንበር በሆነው አካል ታክት ላይ ምሎ ይወጣል፤ ፖሊስ በዱላ ይቀበለዋል፤ የወደቀው ተነሥቶ እንደገና ወደ ዱላው ይሄዳል። ከመካከላቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የተዋጉ ወታደሮች ነበሩ። እንግሊዛዊው ቄስ ሲ.ኤፍ. አንድሩስ በዓይናቸው አይተው አቤት ካሉ በኋላ ድብደባው ቆመ፤ እስሩ ግን ቀጥሎ የታሰሩት ከ5,000 በለጡ። በመጨረሻ ሰር ጋንጋ ራም የተባሉ ባለሀብት መሬቱን ከማሃንቱ ተከራይተው ሲኮቹ እንዲቆርጡ ፈቀዱ።

በ1925 የወጣ ሕግ ጉርድዋራዎቹን ለተመረጠ ኮሚቴ አስረከበ፤ ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ። ድሉ ግን የራሱን ጣጣ አመጣ። የኮሚቴው ገንዘብና ሹመት የሲኮቹ የአካሊ ዳል ፓርቲ የፖለቲካ አቅም ሆነ፤ ከ2011ዱ የኮሚቴው ምርጫ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ ሌላ አጠቃላይ ምርጫ ሳይደረግ ቆየ። ያን ሁሉ ዱላ የተቀበሉት ሰዎች ልጆች ድምፅ ለመስጠት ይህን ያህል መጠበቅ አልነበረባቸውም። የጎረቤቱ የሃሪያና ክልል ሲኮች ግን አልጠበቁም፤ ክልላቸው በ2014 ለብቻ ኮሚቴ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 አጸናው።