አፍሪካ ብራዚል፦ ሳምባ በኤሌክትሪክ ጊታር

አልበሙ የሚከፈተው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ኡምባባራኡማ የሚባል አፍሪካዊ አጥቂ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይመታል፤ ዘፋኙና ተቀባዮቹ ከዳር ቆመው እንደ ደጋፊ ይጮሁለታል። ግጥሙ ከዚህ ያለፈ ብዙ የሚለው የለም። ቀድሞት የገባው ወፍራም የኤሌክትሪክ ጊታርና ከሥሩ የሚንደረደረው ቤዝ ነገሩን ስለጨረሱት ማለትም አያስፈልገውም።

«አፍሪካ ብራዚል» በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊሊፕስ የታተመ፣ ማርኮ ማዞላ ፕሮዲዩስ ያደረገው፣ 11 ዘፈን የያዘ ሸክላ ነው። ባለቤቱ ዦርዢ ቤን ያን ጊዜ ጀማሪ አልነበረም። የሪዮ ዴ ዣኔሮ ልጅ ነው፤ በ1963 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ያለውን «ማስ ኪ ናዳ» የተባለ ዘፈን ከሦስት ዓመት በኋላ ሰርዢዮ ሜንዴስ አሜሪካ ውስጥ ተጫውቶት ዓለም ሁሉ አወቀው። የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ የደራሲውን ስም የሚጠራ ግን ዛሬም ከብራዚል ውጪ ጥቂት ነው።

ዦርዢ ቤን ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከቀኝ እጁ ነው። ቦሳ ኖቫ በነገሠበት ዘመን ጊታሪስቶች ክሮቹን በጣት ቀስ እያደረጉ ይቆነጥሩ ነበር። እሱ ግን ክሮቹን አንድ ላይ እየመታ ጊታሩን ከበሮ አደረገው። ሳምባውን ሳይለቅ ሮክም የሚመስል አመታት ነበር፤ የዘመኑ አዋቂዎች ሳምባ ይሁን ሌላ ነገር ለመወሰን ተቸግረዋል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይህን ሁሉ በዋናነት ያደረገው በእንጨት ጊታር ነበር። «አፍሪካ ብራዚል» ላይ ኤሌክትሪኩን አነሳ፤ የአልበሙ ድምፅ የተለወጠው በዚህ ነው።

ሳምባና ፈንክ በአንድ ላይ መሄዳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሳምባ ውስጥ ሱርዱ የሚባለው ትልቁ ከበሮ ክብደቱን የሚጥለው ሁለተኛው ምት ላይ ነው። ጄምስ ብራውን ያስተማረው ፈንክ ግን በመጀመሪያው ምት ይረግጣል፤ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ከዚያ እርግጫ ጋር ይታሰራል። ሁለቱን ዝም ብሎ ቢደራርቧቸው ይጋጫሉ። እዚህ የሚያስታርቃቸው ጊታሩ ነው፤ ለሁለቱም ጌቶች እያደረ በመሃል ይመላለሳል። የአልበሙ ቤዝ ተጫዋች ዳዲ የመጀመሪያውን ምት ሲይዝ፣ የሳምባ ከበሮዎቹ ሁለተኛውን ይጠብቃሉ፤ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ደግሞ እንደ አሜሪካ ሶል ባንድ አጭር አጭር እየቆረጡ ይገባሉ። አልፎ አልፎ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። እሱ ኩዊካ ነው፦ ከቆዳው በውስጥ በኩል ቀጭን ዘንግ የተተከለበት፣ ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ እያሹ የሚያስጮኹት ከበሮ።

ይህ ቅልቅል በስቱዲዮ ውስጥ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በዚያው ዘመን በሰሜናዊው የሪዮ ክፍል፣ ድሆችና ጥቁሮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ ቅዳሜና እሁድ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ፀጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አጥልቆ በአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ሊጨፍር ይሰበሰብ ነበር። ዘፋኙ ቲም ማያም ከአሜሪካ የቀሰመውን ሶል በፖርቱጋልኛ መዝፈን ከጀመረ ሰነባብቷል፤ እሱና ዦርዢ ቤን በወጣትነታቸው ቲዡካ ሰፈር አብረው የዋሉ ናቸው። ጭፈራው ግን ከሁለት ወገን ይታማ ነበር። አገሪቱን ከ1964 ጀምሮ የያዘው ወታደራዊ መንግሥት የጥቁሮች ስብስብ ወደ ፖለቲካ እንዳይዞር በጥርጣሬ ይከታተለዋል፤ ከሳምባ ወዳጆችም ከውጭ የመጣ ኩረጃ ነው የሚሉት ነበሩ። በእኔ ጆሮ ለሁለተኛው ሐሜት ከዚህ አልበም የተሻለ መልስ የሚሰጥ የለም፤ የአሜሪካውን ድምፅ ወስዶ የብራዚልን የገዛ ታሪክ አናግሮበታልና።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። ወደ ብራዚል በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን አምስት ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ፤ ባርነት በሕግ የቀረው በ1888 ነው። የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን የሚናገረው ስለ ዙምቢ ነው፤ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የመሠረቱትን ፓልማሬስን የመራውና በ1695 የተገደለው ጀግና። ዦርዢ ቤን ይህን ዘፈን በ1974 ባወጣው አልበም ውስጥ አንድ ጊዜ ተጫውቶታል። ሁለቱን አከታትሎ ማዳመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። የፊተኛው በእንጨት ጊታር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሰዎች ስለሚሸጡበት ገበያ እያዘነ ይነግራል። የኋለኛው ያንኑ የአፍሪካ ሕዝቦች ስም ዝርዝር ይዞ ይነሳል፤ ድምፁ ግን ሻክሯል፣ ይጮኻል፣ ዙምቢ ሲመጣ የሚሆነውን እንደ ዛቻ ያሰማል። ቃሉ ሳይለወጥ ኀዘኑ ቁጣ ሆነ።

በአልበሙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዘፈን መሃል የተሰለፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአልማዝ አገር በባርነት ተወልዳ እመቤት የሆነችው ሺካ ዳ ሲልቫ አለች፤ ዘፈኑ ካካ ዲዬጊስ በ1976 ለሠራው ፊልም የተዘጋጀ ነው። የፍላሜንጎ ኳስ ክለብ 10 ቁጥር ዚኮም አለ። ዦርዢ ቤን የለየለት የፍላሜንጎ ደጋፊ ነው፤ ቀደም ሲል ፊዮ ለተባለ የክለቡ አጥቂ ዘፍኖ፣ ተጫዋቹ በስሜ ለምን ተዘፈነ ብሎ ስለከሰሰው የዘፈኑን ስም ለመቀየር ተገዷል። ከዚያም ወዲያ ስለ ኳስ መዝፈኑን አልተወም። ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልም፤ «ኦ ፕሌቤው» ሲያልፍ ብዙም አይታወቀኝም።

«ታጅ ማሃል» የተባለው ዘፈን ግን ራሱን የቻለ ጉድ አለው። በ1978 ሮድ ስቱዋርት ባወጣው ታዋቂ የዲስኮ ዘፈን ውስጥ የአዝማቹ ዜማ ከዚህ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ክስ አስነስቶ በስምምነት ተቋጨ፤ የዘፈኑ ገቢም ለዩኒሴፍ ተሰጠ። ስቱዋርት ከዓመታት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ዜማው ከሪዮ ካርኒቫል ሳያውቀው በጆሮው ቀርቶ እንደነበር አምኗል።

ለእኛ አንባቢ ደግሞ ጆሮ የሚያስቆም ነገር አለ። ዦርዢ ቤን የእናቱ ዘር ከኢትዮጵያ እንደሚመዘዝ ሲናገር ኖሯል። «ቤን» የሚለውንም የመድረክ ስም የያዘው ከእናቱ ወገን ነው። ዦርዢ ማለት ጊዮርጊስ ነው፤ በነጭ ፈረሱ ለሚታወቀው ሰማዕትም ደጋግሞ ዘፍኗል፤ በዚህ አልበም ውስጥም እንከን የለሽ ፈረስ ስለሚጋልብ ፈረሰኛ የሚያወራ ዘፈን አለው። ከዚህ ተነስቶ ዜማው ውስጥ ኢትዮጵያን የሚፈልግ ግን ይደክማል፤ ከበሮዎቹ ወደ አንጎላና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚያመሩት።

ውጭ አገር አልበሙን በደንብ ያስተዋወቀው የአሜሪካው ሙዚቀኛ ዴቪድ በርን ነው፤ በ1989 ባሰናዳው የብራዚል ሙዚቃ ስብስብ የኡምባባራኡማን ዘፈን ከሁሉ በፊት አስቀመጠው። ብዙ አድናቂዎች የ1974ቱን «ኣ ታቡዋ ዲ ኢዝሜራልዳ» ከዚህ ያስበልጣሉ። በውበት ልክ ናቸው፤ ለአዲስ ሰው የማስደምጠው ግን ይህንኛውን ነው። የእንጨቱ ጊታር የናፈቃቸው ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው። ዦርዢ ቤን ከ1976 በኋላ በኤሌክትሪኩ ጸና፤ በ1989 ስሙን ዦርዢ ቤን ዦር ሲያደርግም ኤሌክትሪኩን እንደያዘ ነበር፤ ለኤምቲቪ ብራዚል አኩስቲክ ዝግጅት አሮጌዎቹን ዘፈኖች ሲጫወት ጊዜው 2002 ደርሷል።