ዓባይን በጀልባ መውረድ፦ ወራጅ ውኃን ስለ ማንበብ
(በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ከመካከላችሁ ነገ ተነሥቶ ዓባይን በጀልባ የሚወርድ ይኖራል ብዬ ይህን ርዕስ አልመረጥኩም። ነገር ግን በክረምት ለመስክ ጥናት ስትወጡ የሞላ ወንዝ ማቋረጣችሁ አይቀርም። ከዚህ ከኮልፌ ሳትርቁም ከትንሹ አቃቂ ገባሮች አንዱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መንገዳችሁን ሊዘጋው ይችላል። ወራጅ ውኃ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ጠንቅቀው የሚያውቁት በላዩ የሚቀዝፉ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ዕውቀት ጥቂቱ የተገኘው በእኛው ወንዞች ላይ ነው፤ የሰው ሕይወትም ተከፍሎበታል።

በቁጥር እንጀምር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዓባይ የሱዳንን ድንበር የሚያልፈው ወደ 500 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ሲሆን፣ በመካከል ያለው የወንዙ ጉዞ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አካፍሉት፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 1.6 ሜትር ይወጣል። ይህ ማንንም የሚያስፈራ ቁልቁለት አይደለም። አማካይ ቁጥር ግን ጢስ ዓባይን ይደብቃል፤ እዚያ ውኃው ከ40 ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ይዘልላል። ከፏፏቴው በታችም ወንዙ የሚወርደው እንደ ደረጃ ነው፤ ረዘም ያለ ጸጥታ፣ ከዚያ አጭርና ብርቱ ቁልቁለት።

ደረጃዎቹን የሚሠራው ማን ነው? በላይኛው ክፍል ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ ነው። ከፏፏቴው አጠገብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአለታ ድልድይ ያያችሁ፣ ያ ሁሉ ውኃ በምን ያህል ጠባብ ስንጥቅ እንደሚያልፍ ታስታውሳላችሁ። በታችኛው ሸለቆ ደግሞ ዋናዎቹ ሠሪዎች ገባር ወንዞች ናቸው። ገባሩ በክረምት ያንከባለለውን ቋጥኝ በመገናኛው ላይ ይከምራል፤ ዋናው ወንዝ ከክምሩ በላይ ይተኛል፣ በክምሩ ላይ ይሮጣል። ጆን ዌስሊ ፓወል እ.ኤ.አ. በ1869 በእንጨት ጀልባ በወረደበት በኮሎራዶ ወንዝ ታላቅ ሸለቆም አብዛኞቹ አስቸጋሪ ስፍራዎች የሚገኙት በገባር ወንዞች አፍ ላይ ነው። ካርታ የሚያነብ ቀዛፊ እንግዲህ ገና ሳይደርስ ያውቃል፤ ገባር ባለበት ጆሮውን ያቆማል።

ጆሮ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ ከዓይን ቀድሞ የሚደርሰው ድምፅ ነውና። ቀዛፊው ጀልባውን ዳር አስይዞ በእግሩ ይወርድና ውኃውን ከላይ ያነበዋል። ውኃው በሁለት ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ እንደ ቀስት ጫፍ ሹል ሆኖ ወደ ታች ከጠቆመ፣ ያ መንገድ ነው። ቀስቱ ወደ ላይ ከጠቆመ ጫፉ ላይ ድንጋይ አለ። ከትልቅ ድንጋይ በስተጀርባ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ይረጋል፤ ቀዛፊ የሚያርፈው እዚያ ነው። እጅግ የሚፈራው ግን ውኃው በድንጋይ ላይ ተሻግሮ ወደ ታች ሲጠልቅና የላዩ ወደ ድንጋዩ ሲመለስ የሚፈጠረውን ጉድጓድ ነው። የገባበትን ነገር ደጋግሞ ያንከባልለዋል እንጂ በቀላሉ አይለቅም። አረፋውም አያድንም፤ ከአየር የተቀላቀለ ውኃ ሰውን የመሸከም ዐቅሙ ያንሳልና።

ወቅቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከግድቡ በፊት በድንበር አካባቢ የዓባይ ፍሰት በነሐሴ በአማካይ በሴኮንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ ይበልጥ ነበር፤ በሚያዝያ ግን እጅግ ይወርድ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ነው። በበጋ ድንጋዩ ይወጣና ጀልባውን ይቀድዳል፤ በክረምት ድንጋዩ ይሰወራል፣ ማረፊያውም አብሮ ይጠፋል።

ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 የብረት ጀልባዎች ይዞ ሞክሮ ብዙም ሳይርቅ ጀልባዎቹን አጣ። ግትር አካል ከድንጋይ ጋር አይስማማም። ኋላ የመጡት በአየር በሚነፋ የጎማ ጀልባ ተጠቀሙ፤ ይበልጥ ዘግይቶ ደግሞ የገባበትን ውኃ በወለሉ ቀዳዳዎች ራሱ የሚያፈስ ጀልባ ተሠራ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ የጣና የደንገል ታንኳ ውኃ የሚሞላው ቀፎ ስለሌለው ችግሩን ከጥንት ጀምሮ አያውቀውም። በሸለቆው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም የተነፋ አቁማዳ ታቅፈው ዓባይን ሲሻገሩ፣ ከሚወጡበት ስፍራ በጣም ወደ ላይ ርቀው ገብተው በሰያፍ ይሄዱ ነበር። ዛሬ በስፖርቱ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ በጎ ፈቃድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ትልቅ ጉዞ መጣ። ቡድኑ በዓባይ አረፋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር የሞተው ግን በዚያ አልነበረም። ገባር ወንዝ በዋና ለማቋረጥ ገመድ ታጥቆ ገባ፤ በዚያው ሰጠመ።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገመድ በወገብ ማሰር የደኅንነት ምልክት ይመስለናል፤ በየክረምቱ በአገራችን ሰው ሲያደርገው አያለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ያልታሰረ ሰው ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ከውኃው ጋር እኩል ስለሚሄድም ግፊቱ አይበዛበትም። ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ይቆማል፤ ውኃው ግን አይቆምም። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከላይ የታሰረን አካል ይህ ግፊት ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ ዳር ያሉት በጎተቱ ቁጥርም ይብስበታል። ስለዚህ የሠለጠኑ አዳኞች ገመዱን ይወረውራሉ እንጂ አያስሩም። የሚሰጥመው ሰው በእጁ ይይዘዋል፤ ካስፈለገም ይለቀዋል። ወርዋሪውም በመዳፉ ላይ አይጠመጥምም። አካል ላይ የሚታሰር ገመድ ቢኖር፣ ባለቤቱ በአንድ እጅ ስቦ በቅጽበት ሊፈታው በሚችል ልዩ ሰደርያ ላይ ብቻ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ውኃው ከወሰዳችሁ ከጉልበት በላይ በሆነ ፈጣን ወራጅ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውኃው አካልን አጥፎ ያስተኛል። በጀርባችሁ ተንጋልላችሁ እግራችሁን ወደ ታችኛው አቅጣጫ አስቀድሙ። ወራጁ ወደ ወደቀ ዛፍ የሚወስዳችሁ ከሆነ ግን በደረታችሁ ተገልብጣችሁ ዋኙ፤ ዛፍ ውኃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራልና። ዓባይ ግንድ ይዞ እንደሚዞር የሚነገረው ለቀዛፊ ተረት አይደለም። በከተማችን የዛፉን ቦታ የያዙት አጥር፣ የተንጠለጠለ ቧንቧና በቆሻሻ የተዘጋ የድልድይ ቱቦ ናቸው። በወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሠራ ዝቅተኛ የኮንክሪት እርከንም ሲያዩት ያምራል፤ ግን ያ ያልኩት ጉድጓድ እዚያ በጎንም መውጫ የለውም።

ከ1968 ወዲህም ብዙዎች ወርደዋል። ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በካያክ፣ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ እስክንድርያ ድረስ በ114 ቀናት። ከዚህ ሰፈር የሚወርደው ውኃ የሚደርስበትን አዋሽንም ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ወርደውበታል፤ በዚያው ዓመት ኦሞን ቀጠሉ። ዛሬ ከኦሞ ሸለቆ ረጅም ክፍል ከግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በስተኋላ ተኝቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በላይ ያለው የዓባይ ክፍልም የንጋት ሐይቅ ሆኗል። በግድቦቹ አላዝንም፤ መብራቱን እፈልገዋለሁ። ነገር ግን ለእነዚያ ስፍራዎች የቀዛፊዎቹ ማስታወሻና ፎቶግራፍ አሁን የታሪክ ምንጭ ነው፤ አብዛኛውም የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው። ከቅርንጫፋችን ተማሪ አንዱ ይህን ሰብስቦ በአማርኛ ቢያጠናው ለማማከር ዝግጁ ነኝ።

ወደ ትንሹ አቃቂ ልመለስ። የዓባይ ሙላት ለሳምንታት ይቆያል። የእኛ ጅረቶች ግን ተፋሰሳቸው ትንሽና ቁልቁል ነው፤ መሬቱም በአስፋልትና በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ስለዚህ በደቂቃዎች ይሞላሉ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ብዙ ጊዜ ሳይቆዩ ይጎድላሉ። ከወንዝ ዳር ስትደርሱ በውኃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ድንጋዩ ከተዋጠ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ጠርዙ ከድንጋዩ ከሸሸ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።